ብራውዘር ቀይሬ አባቴን ያየሁ ቀን

አይደለም አልኩ። ኤአይ አይደለም። ማሽን የሠራው፣ ከሌላ ሰው ፊት ተቆርጦ የተለጠፈ፣ ምናምን አይደለም። እናንተ ደግሞ ኤአይ የሚባል ነገር ከሰማችሁ ወዲህ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ብትጥልም ኤአይ ነው ልትሉ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ የአባቴ ፎቶ ነው፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘሁትም ስልኬ ላይ ብራውዘር ቀይሬ ነው። አለቀ።

"ብራውዘር በመቀየር ሰው ይገኛል እንዴ?" ትላላችሁ። ይገኛል። እኔ አግኝቻለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም ሙሉውን አይደለም፣ አልደብቃችሁም። ግን አዳማ ውስጥ ስንት ዲግሪ ያለው ሰው ባጃጄ ላይ ተሳፍሮ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ አንዱም እኔ ያየሁትን አላየም። ስለዚህ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

አባቴ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ቤታችን አዳማ ይሁን እንጂ እሱ የሚውለው ዓለም ጤናና መቂ፣ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። ገበሬው ሞተሩ እምቢ ሲለው ይደውልለታል፤ እሱ መፍቻዎቹን በከረጢት ጠቅልሎ በሚኒባስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ናፍጣና ሽንኩርት እየሸተተ ነው። ሞተር ፊት ጀግና ነው። ካሜራ ፊት ግን እንደሱ ዓይነት ፈሪ አላየሁም። ካሜራ ካየ ከሰው ጀርባ ይገባል። የእሱና የእናቴ ሰርግ ቀን ከሞጆ የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ሳይመጣ ቀረ፤ ሙሽራው ከሁሉ በላይ በዚህ ደስ ብሎት ዋለ አሉ። የቀበሌ መታወቂያው ላይ አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረች። እሷንም ደረት ኪሱ ውስጥ ላብና ናፍጣ ተጋግዘው በልተዋት፣ ሲሞት ብናወጣት ነጭ ወረቀት ሆናለች። ማህተሙ ብቻ ቀርቷል።

ለቅሶ ላይ ፎቶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በፍሬም ሆኖ ይወጣል፣ ሴቶቹ ይቀባበሉታል፣ ከፍ አድርገው ይይዙታል፣ ለቀስተኛው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። አባቴ የሞተ ቀን እናቴ የምትይዘው አጣች። ኮቱን ያዘች። ኮቱን ከፍ አድርጋ "ይሄን የመሰለ" ትላለች፤ ሰዉም ኮቱን እያየ ያለቅሳል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እያለቀስኩ መሃል ላይ ሳቄ መጣ። እናቴ አየችኝ። አልተቆጣችኝም። ሰው ከሄደ በኋላ ግን "ፊት የሌለው ለቅሶ አለቀስንለት" አለች። ይቺን ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፏ አላወረደቻትም።

ባጃጅ መንዳት እንደጀመርኩ፣ የዛሬ አራት ዓመት መሆኑ ነው፣ መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራ አንድ ባለሙያ አሳፈርኩ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ ሳወራ ሳወራ አባቴ ምን እንደነበር ነገርኩት።

"ዓለም ጤና ፓምፕ የሚጠግነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ቀጭኑ?"

"አዎ፣ ቀጭኑ።"

"እሱማ የገበሬዎች ቀን ስናከብር እዛው ነበር'ኮ። ፎቶ ተነስተናል። ኢንተርኔት ላይ አለ።"

ባጃጁን ዳር አስያዝኩ። ስልኬን ተቀብሎኝ ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ከፈተ፣ እንዳይጠፋብኝም ራሱ አስቀመጠልኝና ወረደ። ሒሳብ አልተቀበልኩትም፤ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። በኋላ ሰውዬውን ብፈልገው ወደ ሌላ ክልል ተዛውሯል ተባለ።

ፎቶው እንዲህ ነው። የሽንኩርት ማሳ አለ። ቦይ አለ። መሃል ላይ ፓምፕ አለ። ፓምፑን ከበው ሰባት ሰዎች ቆመዋል። ፓምፑ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ የመሰለ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ይሄ ሁሉ ግን ጉም ውስጥ ነው። ሰዎቹ ፊት የላቸውም፤ ፊታቸው መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቡናማ ጠብታ ነው ያለው።

እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ መልሳ አርቃ፣ ሦስተኛውን ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን በጣቷ ነካችው። "ይሄ ነው" አለች።

"በምን አወቅሽው?"

"በአቋሙ ነዋ። የባሌን አቋም ላጣው ነው?"

ቡልቡላ የሚኖረው የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ለፋሲካ ሲመጣ አሳየነው። መነጽሩን አድርጎ አየ፣ መነጽሩን አውልቆ አየ። "ወንድሜ ለካሜራ ቆሞ አያውቅም" አለ። "ከነዚህ ከሰባቱ አንዳቸውም እሱ አይደሉም።" እናቴ ዶሮውን አቀረበችለት፣ ቃል ግን ሳትሰጠው ሸኘችው።

እሷ ግን አመነች። ጠዋት ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የምትሸጠው፣ "ክፈትልኝ" ትለኛለች። እከፍትላታለሁ። ነጩን ሸሚዝ "እንደምን አደርክ" ትለዋለች። ከዛ መቀነቷን ታጠብቅና ትሄዳለች። አራት ዓመት።

ለምን ጥሩ አድርገህ አልከፈትከውም እንዳትሉኝ። ለኔ ኢንተርኔት ማለት ስልኬ ላይ ያለችው አንዲት ምልክት ነበረች። ስልኩን ስገዛው ውስጡ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ዳታ አትበላም ብለው የባጃጅ ተራ ልጆች ሁሉ ይምሉባታል። እሷን ነክተህ የገባህበት ኢንተርኔት ነው፣ ያልገባህበት የለም። ብራውዘር የሚባል ስም እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ለአየር ስም ታወጣለህ እንዴ?

ዘንድሮ የሰባት ዓመቱ ተዝካር ደረሰ። ከሰባቱ በኋላ ሌላ የለም፤ ሰው ድንኳን ገብቶ ስሙን የሚጠራበት የመጨረሻው ነው። ቀኑ ቅዳሜ ሊሆን ሰኞ ዕለት እናቴ ሽንኩርት እየለየች፣ ቀና ሳትል፣ "በዚህኛው እንኳ ፊቱ ይኑር" አለችኝ። "ትልቅ አድርገህ አሳጥብልኝ። ጠረጴዛው ላይ አቆመዋለሁ። ደግሜ ኮት አልይዝም።"

"ቀላል ነው፣ ለኔ ተይው" አልኳት። እኔ ለሁሉም ነገር ቀላል ነው ነው የምለው።

ማክሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ወሬ የማይወድ። ስልኬን ተቀብሎ አየና መለሰልኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ፎቶ አይደለም።"

"ሰዎቹ ቆመው እያየኋቸው?"

"ሰው መሆናቸውን በምን አወቅህ? ባህር ዛፍ ቢሆኑም አይለይም። ይሄን ባሳድገው የሚወጣው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው።"

"ካሜራው መጥፎ ነበር ማለት ነው።"

"ካሜራውን ተወው። የምትከፍትበት ብራውዘር ነው። ይሄ ዳታ ለመቆጠብ ፎቶውን ይጨምቅና ጭማቂውን ለራሱ ጠጥቶ ገለባውን ለአንተ ይሰጥሃል። ሌላ ብራውዘር ጫን፣ በሱ ክፈተው፣ ከዛ ና።"

ሌላ አለ። መጀመሪያ የደነቀኝ ይሄ ነው። ባጃጄ ላይ ወጥቼ ቁጭ ብዬ ለደቂቃ አልተንቀሳቀስኩም። አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ሌላ በር እንዳለው የተነገረኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ተራችን ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ካርድና የስልክ ከቨር የምትሸጥ ልጅ አለች። የአርሲ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ ጨርሳለች፣ ለተራው ሰው ሁሉ ስልክ የምታስተካክለው እሷ ናት። ነገርኳት። "እሺ፣ ሶላቴን ሰግጄ ልምጣና እጭንልሃለሁ። እስከዛ ምንም እንዳትነካ" አለችኝ።

ምንም እንዳትነካ ይባላል? እኔን?

እስቲ ፍረዱኝ። ባጃጅ ባትሪ ስትቀይር ምን ታደርጋለህ? አሮጌውን ፈትተህ ታወርዳለህ፣ ቦታውን ታጸዳለህ፣ አዲሱን ታስቀምጣለህ። ካርቡሬተርም እንደዛው ነው። በአሮጌው ላይ አዲስ የሚደርብ መካኒክ ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሽሽ። እኔም የመካኒክ ልጅ ነኝ። እሷ ሰግዳ እስክትመለስ ቦታውን ላዘጋጅላት ብዬ አሮጌዋን ምልክት ተጭኜ ያዝኳት፣ "ይጥፋ ወይ?" አለኝ፣ "ይጥፋ" አልኩ። ጠፋች። ስልኬ ላይ ንጹህ ቦታ ተከፈተ። ደስ አለኝ።

ልጅቷ መጣች። ስልኩን አየች። እኔን አየች።

"የት አደረግከው?"

"አወረድኩልሽ።"

"ለምን?"

"አዲሱ እንዲገጥም ነዋ።"

"ማነው እንደዛ ያለህ? ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ'ኮ።"

"ሳይጣሉ?" አለ ከኋላዬ ያለው ባለ ባጃጅ፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ። "እኔ ቤት ያሉት ሁለቱ ተጣሉ።"

እሷ አልሳቀችም። "ፎቶው የተቀመጠው የት ነበር?" አለችኝ።

"ኢንተርኔት ላይ።"

"ሊንኩን ነው የምልህ። ያስቀመጠልህ ሰውዬ የት ነው ያስቀመጠው?"

ያኔ ነው የገባኝ። እዛው ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ያጠፋሁት ውስጥ። ቶሎ በል ብዬ አሮጌዋን መልሼ ጫንኳት፤ ከፈትኳት። "እንኳን ደህና መጡ" አለችኝ። አራት ዓመት አብረን ኖረን "እንኳን ደህና መጡ"። ውስጧ ባዶ ነው። አንድም ነገር አታስታውስም።

ስክሪንሾት የለህም ወይ የምትሉ አላችሁ፣ ፎቶ ቤቱም እሱን ነው የጠየቀኝ። የስልኬ ማብሪያ ቁልፍ፣ ስክሪንሾት የምታነሳዋ፣ ተሰብራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ስልኬን መታ መታ አድርጌ ነው የማስነሳው። የለኝም። አባቴን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት ማለት ነው፤ በዚህኛው ብቻዬን፣ ተራ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአውራ ጣቴ።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ "ክፈትልኝ" አለች። "ዳታ አልቋል እማዬ" አልኳት። ሐሙስም "ዳታ አልቋል" አልኳት። "እሱም ለተዝካሩ ጾም ይዞ ነው?" አለችና ሄደች። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ውሸት ለኔ እንደ ቆሎ ነው፤ ይቺ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ሐሙስ ልክ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ አዳማ ላይ ያቺ ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ አስፋልቱ ሊጥ ይሆናል፣ ልጅቷ ጃንጥላዋ ሥር ጠራችኝ። አዲሱን ብራውዘር ጭናልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከንዴቴ የተነሳ ነክቼውም አላውቅም።

"ባጃጅህን ብትቀይር ሞጆ ቦታዋን ትለቃለች?" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"መልስልኝ። ይሄን ባጃጅ ሸጠህ ሌላ ብትገዛ ሞጆ ትጠፋለች?"

"አትጠፋም።"

"ብራውዘር ማለት ባጃጁ ነው። ፎቶው ያለው ሞጆ ነው። አንተ ያጠፋኸው መንገዱን የሚያውቀውን ባጃጅ ነው እንጂ አባትህን አይደለም። እሱ ያለበት አለ። ጠይቀን እንሄዳለን።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይሄን የነገረችኝ እንደ ቀላል ነገር ነው፣ የካርድ መልስ እየቆጠረች። እኔ ግን ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አልነበረም። አራት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው የዞርኩ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አንድ የማላውቀው ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት እናቴ ስትጠራው ብቻ ይመጣ ነበር። እኔ ስልኬን ብጥለው፣ ባቃጥለው፣ እሱ እዛው ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ቤተ ክርስቲያን ሲነገር ነው የሰማሁት እንጂ ካርድ ከሚሸጥበት ጃንጥላ ሥር ይሰማል ብዬ አልጠበቅኩም።

አዲሱ ብራውዘር ላይ ማይክ አለ፤ በአፍህ ትጠይቀዋለህ። እኔ ጠየቅኩት። "ዓለም ጤና፣ ሽንኩርት፣ ፓምፕ፣ አባቴ" አልኩት። የቀይ ወጥ አሠራር አመጣልኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። የሚሸጥ ፓምፕ አመጣ። የተራው ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ "በትህትና ጠይቀው" ይላል፣ አንዱ "ጮክ በል፣ ዓለም ጤና ሩቅ ነው" ይላል።

"ገጹ በምን ቋንቋ ነበር የተጻፈው?" አለች ልጅቷ።

"በፈረንጅ ፊደል። እንግሊዝኛ ነው።"

"ታነበው ነበር?"

"እኔ?"

"ለዓለም ጤና የሽንኩርት ገበሬ ማነው በእንግሊዝኛ የሚጽፍለት?" አለች። "በኦሮምኛ ነው የሚሆነው።"

ተሳቀብኝ፤ ይሳቁ። ኦሮምኛ አፌ ላይ አለ፣ እንደ ልቤ አወራዋለሁ፣ ከአርሲ የመጣ ተሳፋሪ "አካም" ብሎ ሰላም ካለኝ ሦስት መንደር ያህል አስከትዬ ነው የምመልስለት። ዓይኔ ላይ ግን የለም፤ ተጽፎ ሳየው አላውቀውም። አራት ዓመት የገዛ ቋንቋዬን ፈረንጅ ነው ብዬ ሳልፈው ኖርኩ።

እሷ ጻፈች። የገበሬዎች ቀን፣ ዓለም ጤና፣ የውሃ ፓምፕ፣ በኦሮምኛ። ሦስተኛው ላይ ነካች። ከላይ አረንጓዴ መስመር ያለበት ገጽ ብቅ አለ።

ያቺን መስመር አውቃታለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ከፎቶው በላይ ሳያት የኖርኩት ናት።

"ወደ ታች አታውርጂው" አልኳት። "እናቴ ሳታይ አላይም። ነይ ግቢ።"

ዕቃዋን ለባለ ሁለት ሚስቱ ባለ ባጃጅ አደራ ሰጥታ ባጃጄ ውስጥ ገባች። ገበያ እስክንደርስ ስልኩን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ነው የያዘችው። በመንገድ ላይ ስንት ሰው "ባዶ ነህ?" አለኝ፣ አልቆምኩም።

እናቴ ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራ ተቀምጣለች። ያለ ሰዓቴ ስታየኝ ደነገጠች። አጠገቧ ተንበረከክኩ። "እማዬ፣ ዳታ አልነበረም ያለቀው። ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን ግን መጣ" አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። ልጅቷ ገጹን ወደ ታች አወረደችው።

መጀመሪያ ሰማዩ መጣ። ሰማያዊ። በፊት አመድ ነበር'ኮ። ቀጥሎ ከሩቅ ያለው ተራራ መጣ፤ ተራራ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ከዛ የሰው ፀጉር፣ ግንባር፣ ዓይን። ሰባት ሰው፣ አሥራ አራት ዓይን፣ ሁሉም እኛን ያያል። አንዱ ጥርሱ ወልቋል። አንዱ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክቷል። ሽንኩርቱ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ አፌ ክፍት ነው የቀረው። አፌ ክፍት ሆኖ ቃል ያልወጣበት ቀን ያ ብቻ ነው፣ ያንን ሁሉም ይመሰክራል።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሪዛም ነው። ቦርጭ አለው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች እናቴ።

"ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ የምትይው ሰውዬ ነዋ" አልኳት።

አጠገቧ ድንች የምትሸጠው ሴትዮ አንገቷን አስግጋ አየች። "እሰይ፣ ሚስቱ እንዳትሰማሽ ብቻ" አለች።

እናቴ አልሳቀችም። ሰባቱንም በጣቷ አንድ በአንድ ነካች። አይደለም። አይደለም። አይደለም። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። አጎቴ ልክ ነበር ማለት ነው። ለካሜራ ከቆሙት ውስጥ እሱ የለም። እኔ ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

ልጅቷ ግን ገና እያወረደችው ነበር። ፎቶው ሥሩ አልወጣም ነበር። ፓምፑ መጣ፣ ከዛ ያ ጆንያ።

ጆንያው ጀርባ አለው። ጀርባው አንገት አለው። ሰው ነው። በርከክ ብሎ፣ ግራ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሰባቱ ሰዎች ካሜራውን ሲያዩ እሱ አንድ ነገር እየሰማ ነው። ፊቱ ግን ወደኛ ዞሯል፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው የናፍጣ ጭረት ሳትቀር። ከንፈሩን በጥርሱ ይዟል። እኔ ሕፃን ሆኜ ሲያተኩሰኝ ደረቴ ላይ ጆሮውን አድርጎ የሚሰማኝ እንደዛ ነው።

በሁለት ጣት ከፈት ሲደረግ እንደሚሰፋ ልጅቷ ለእናቴ አሳየቻት። እናቴ በሽንኩርት የሻከሩ ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከፈተች፤ እሱም መጣ፣ ቀረበ፣ ስክሪኑን ሞላ። ሳይበተን፣ ጉም ሳይሆን። የእጁ አንጓ ላይ የታሰረ ጨርቅ አለ፣ እጁን የሚጠርግበት።

"የነጠላዬ ጥለት ነው" አለች። "ቀድጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቢጫና አረንጓዴ።"

ቢጫና አረንጓዴ ነበር።

"ዓይኑን ግለጥ በለው" አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልዷን አልነበረም። ከዛ ራሷም ሳቀች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፤ ቀጥሎ የሆነውን አልናገርም፣ ድንች ሻጯም ልጅቷም እኔም እንደዛው ሆንን፣ ቲማቲም ሊገዛ የመጣ ሰው ደንግጦ ተመለሰ።

ዓርብ ፎቶ ቤቱ አሳደገው። ያ ወሬ የማይወድ ሰውዬ ማሽኑ ፎቶውን እያወጣ ሳለ "እንዴ" አለ። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ። የአባቴን ቦታ ቆርጦ፣ ፓምፑን ከፊል አስቀርቶ፣ በትልቅ ፍሬም አደረገው። ፓምፑን አስወጣው ቢለኝ አልፈቀድኩም። ያለ ሞተር እሱን ማን ያውቀዋል?

ቅዳሜ ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ሰው እየገባ ያየዋል። አጎቴ ከቡልቡላ መጣ። ፎቶውን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ወደኔ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "በማሽን ነው ያሠራችሁት" አለ። "አሁን ኤአይ ነው ምንድነው የሚሉት አለ፣ የሌለ ሰው ይሠራል። በወንድሜ ተዝካር ላይ አሻንጉሊት ታቆሙብኛላችሁ?"

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። እናቴ እጇ ፍሬሙ ላይ ነው። ልናገር ስነሳ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ከዓለም ጤና በሚኒባስ ከመጡት ገበሬዎች አንዱ ናቸው፣ እኔ አይቻቸው አላውቅም። ከዘራቸውን ይዘው እስከ ጠረጴዛው መጡ። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት።

"ኤዬ" አሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው። "ፓምፑ የኔ ነው።"

"እርስዎ እዛ ነበሩ?" አላቸው አጎቴ።

"የት ልሆን? ማሳው የኔ ነው። ትልልቅ ሰዎች መጥተው ንግግር ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እሱን ና ቁም ብንለው እምቢ አለ። ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። እኛ አልሰማነውም፣ እሱ ሰማ። በርከክ አለና 'ዝም በሉ' አለን። ንግግር የሚያደርገውንም ጭምር። ሁሉም ዝም አለ። ያኔ ነው ያነሱት።" ጣታቸውን አባቴ ጆሮ አጠገብ አደረጉ። "ከዛ ወዲህ ይሄ ሞተር ቆሞ አያውቅም።"

አጎቴ መነጽሩን አወጣ፣ አላደረገውም። ከዛ ሄዶ ፍሬሙን ከእናቴ እጅ ተቀበለ፤ እሷም ሰጠችው። ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፣ ወደ ሰዉ አዞረው። "ይሄን የመሰለ" አለ። ድምፁ እዛው ተቆረጠ፤ የቀረውን ድንኳኑ ሙሉ ሰው አለለት። ሰባት ዓመት ዘግይቶ፣ ፊቱን እያየ።

እና እናንተ ዛሬ ተራ ላይ ቁጭ ብላችሁ ኤአይ ትሉኛላችሁ። እሺ። እኔን አትመኑኝ፣ እኔ አፌ ሰፊ ነው። ገበያ ሂዱና ድንች ሻጯን ጠይቋት። ጃንጥላው ሥር ያለችውን ልጅ ጠይቋት፣ ከሶላት ስትመለስ። የፎቶ ቤቱን ሰውዬ "ለምን 'እንዴ' አልክ?" በሉት። እሱም ካልበቃችሁ ሚኒባስ ያዙና ዓለም ጤና ውረዱ፤ ቦዩን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌው እዛው ናቸው፣ ሞተሩም እየሠራ ነው። ቆማችሁ ስሙት። ከዛ ኑና ንገሩኝ።